ፍሪሲዮን ወይም ፍሬን አየር ሲይዝ፦ የማስወጫ መንገዶች ንጽጽር

ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ አድርጎ ወደ ፒያሳ፣ ከፒያሳም በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርድ አሽከርካሪ እግሩን ከፍሬን ላይ የሚያነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ በመጣበት ሽቅብ ሲመለስ ደግሞ መንገዱ ስለሚጨናነቅ በየጥቂት ሜትሩ ፍሪሲዮን ይረግጣል። በእንዲህ ያለ ከተማ የፔዳል መላላት ቶሎ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ይታዘዝለታል። «አየር ይዟል» ይባላል፣ ረዳቱ ፔዳል ይረግጣል፣ መካኒኩ ከታች ሆኖ የማስወጫውን ቡሎን ይፈታል፣ መኪናው በዚያው ሰዓት ከጋራዥ ይወጣል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ግን ያው መኪና በዚያው ችግር ይመለሳል፤ የወጣው አየር እንጂ አየሩ የገባበት ቀዳዳ አልተነካምና።

አየር ለማስወጣት የሚያገለግሉት መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የሁሉም ዋጋ፣ ድካምና ጉዳት ግን እኩል አይደለም። እዚህ የማነጻጽራቸው በሁለት መመዘኛ ነው፤ አንደኛው ለፍሪሲዮን ነው ወይስ ለፍሬን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው አየሩ በየት ገባ የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ የመጀመሪያውን መመለስ ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳዩ የፍሬን ሲሆን የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው ብዬ አምናለሁ።

በእርግጥ አየር ነውን?

የፍሬን ዘይት ሲገፋ መጠኑ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ በፔዳሉ ላይ ያረፈው ኃይል በቱቦው አልፎ ከታች ያለውን ፒስተን የሚገፋውም በዚህ ምክንያት ነው። አየር ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ በመሐል ትንሽ አረፋ ካለ የእግራችን ጉልበት ፒስተኑን ከመግፋቱ በፊት አረፋውን በማመቅ ይባክናል። የዚህ ምልክት ፔዳሉ ልክ እንደ ስፖንጅ ለስለስ ብሎ መውረዱ፣ ደጋግመው ሲረግጡት ደግሞ ከፍ ማለቱና መጠንከሩ ነው።

ሌሎች ብልሽቶችም ይህን ምልክት ስለሚመስሉ መለየት ያስፈልጋል። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ መጀመሪያ ጠንክሮ ቆይቶ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ችግሩ አየር ሳይሆን ግፊቱ የሚያመልጥበት ቦታ መኖሩ ነው፤ የዘይት ማጠራቀሚያው ሳይጎድል ይህ ከታየ የላይኛው ፖምፓ (ከፔዳሉ ጋር ተያይዞ ዘይቱን የሚገፋው) ጎሚኒ፣ ማለትም የፒስተኑ የጎማ ማሸጊያ፣ ዘይቱን ከፊት ወደ ኋላ እያሳለፈ ነው ማለት ነው። ፔዳሉ በመጀመሪያው እርግጫ ዝቅ ብሎ፣ በሁለተኛው ከፍ ካለና ምንም ልስላሴ ከሌለው፣ የኋላ ታምቡር ፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፤ የሚፈልገውም ማስተካከል ብቻ ነው። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ከጠጠረና መኪናው ግን በደንብ ካልቆመ ነገሩ የአየር ተቃራኒ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ ወይም ከሞተሩ ወደ እርሱ የሚሄደው ቱቦ ነው የሚመረመረው።

አንድ ሌላ ጉዳይ በአዲስ አበባ ቁልቁለቶች ላይ በተለይ ሊታወቅ ይገባል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የሳበ ዘይት ደግሞ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በመለኪያው መሠረት ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወለል ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ፔዳሉ ጠዋት ደህና ሆኖ፣ ከእንጦጦ ሲወርዱ ብቻ ከላላና መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ ተመልሶ ከጠነከረ፣ ከውጭ የገባ አየር የለም፤ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል ማለት ነው። ለዚህ መፍትሔው አየር ማስወጣት ሳይሆን ዘይቱን ከላይ እስከ ታች ሙሉ በሙሉ መቀየር፣ ከዚያም ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ መውረድ ነው።

ለፍሪሲዮን ምርመራው ቀላል ነው። ማርሽ፣ በተለይም የኋላ ማርሽ፣ እየጮኸ ወይም እየታገለ የሚገባ ከሆነና ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጠው ሲሞክሩ ያለችግር ከገባ አየር መኖሩን ይጠረጥራሉ። ከመኪናው ሥር ሆኖ የታችኛው ፖምፓ (ከላይ የመጣውን የዘይት ግፊት ተቀብሎ ፍሪሲዮኑን የሚያላቅቀው) የሚገፋውን ዘንግ ማየት ደግሞ ጥርጣሬውን ይቆርጣል። ረዳቱ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ሲረግጥ ዘንጉ የሚሄደውን ርቀት ይመልከቱ፤ ደጋግሞ ከረገጠ በኋላ ርቀቱ ከጨመረ አየር አለ። ርቀቱ ከመጀመሪያውም አምራቹ የወሰነው ያህል ሆኖ ማርሹ አሁንም ከታገለ ግን ጉዳዩ የዘይቱ መስመር ሳይሆን ከውስጥ ያለው የፍሪሲዮን ሸራና ማቀፊያው ነው፤ የፈለገውን ያህል አየር ቢያስወጡ አይድንም።

አየሩ የሚገባባቸው ቦታዎች

ብዙ ሰው «ዘይት ካልፈሰሰ አየር አይገባም» ብሎ ያስባል። ይህ እውነት አይደለም፤ ተደጋግሞ ለሚመለስ ችግርም ዋናው ምክንያት ይህ እምነት ነው። ጎሚኒው ከንፈር አለው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ ራሱ ከንፈሩን ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል፣ ዘይትም አይወጣም። እግሩ ሲነሳና ፒስተኑ ሲመለስ ግን በውስጥ ለቅጽበት መሳብ ይፈጠራል፤ ያረጀ ከንፈር ያን ጊዜ ይላላና ከውጭ አየር ያስገባል። በተለይ የፍሪሲዮን የታችኛው ፖምፓ በዚህ መንገድ ይበላሻል፤ ከውጭ ደረቅ ሆኖ እያለ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አየር ይጠጣል።

ይህን ለማረጋገጥ የአቧራ መከላከያውን ጎማ በጥንቃቄ ከቦታው ማንሸራተት በቂ ነው። ጤናማ ፖምፓ ከጎማው ሥር ደረቅ ነው፤ ምናልባት የደረቀ አቧራ ብቻ ይታያል። የታመመው ግን ጎማው ሲገለበጥ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ እርጥበት ያሳያል፤ ጣት ላይ ቢቀባ ጭቃ የመሰለ ዱካ ይተዋል። ጠብታ መሬት ላይ እስኪወድቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ይህ እርጥበት ብቻውን ለመፍረድ ይበቃል።

የላይኛው ፖምፓ ሲያፈስ ወደ ውስጥ ነው የሚያፈሰው። የፍሪሲዮኑ ከሆነ ዘይቱ በፔዳሉ ክንድ ወርዶ ምንጣፉ ሥር ይደበቃል፤ የፍሬኑ ከሆነ ወደ ሰርቮው ስለሚገባ ከውጭ ምንም ሳይታይ ማጠራቀሚያው እየጎደለ ይሄዳል። ከእነዚህ ሌላ ተጣጣፊ ቱቦዎች፣ በቱቦው ጫፍ ላይ ያሉት የመዳብ ቀለበቶችና በደንብ ያልጠበቀ የማስወጫ ቡሎን ይፈተሻሉ። ማጠራቀሚያው ጎድሎ መኪናው ዳገት ላይ ሲያዘነብልም አየር በቀላሉ ይገባል፤ የፍሬን ሸራ ሲሳሳ የዘይቱ ከፍታ ስለሚቀንስ የጎደለ ሁሉ ያፈሰሰ ነው ማለት ግን አይደለም።

አምስቱ መንገዶች

በከተማችን የተለመደው በሁለት ሰው ፔዳል እየረገጡ ማስወጣት ነው። ከታች ያለው «ርገጥ… ያዝ!» ይላል፣ ቡሎኑን ይፈታል፣ ዘይቱና አረፋው ይወጣል፣ ያጠብቃል፣ «ልቀቅ» ይላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባና ቡሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ የወጣው አየር ሁሉ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ የዚህ መንገድ ውጤት በሁለቱ ሰዎች መግባባት ላይ የተመሠረተ ነው። ምንም ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ለፍሬንም በደንብ ይሠራል። አንድ ስውር ጉዳት ግን አለው። ለዓመታት በሠራ ፖምፓ ውስጥ ፒስተኑ በየቀኑ የሚመላለሰው በግማሹ ርቀት ብቻ ስለሆነ ቀሪው የግድግዳ ክፍል ዝገትና ዝቃጭ ይይዛል፤ ረዳቱ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲያወርደው የጎሚኒው ከንፈር በዚያ ሻካራ ክፍል ላይ ሄዶ ይቀደዳል። «አየር አስወጥቼ ከመጣሁ በኋላ ጭራሽ ባሰበት» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ፔዳሉ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ የእንጨት ቁራጭ ይደረጋል፣ ረገጣውም ቀስ ያለ ይሆናል።

ሁለተኛው ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ መተው ነው። የማጠራቀሚያው ክዳን ይከፈታል፣ ከታች ቡሎኑ ይላላል፣ ቱቦ ይገጠምለታል፣ ዘይቱ እየተንጠባጠበ አየሩን ይዞ እስኪወጣ ይጠበቃል። ጎሚኒ አይጎዳም፣ ረዳት አይፈልግም፣ ወጪ የለውም። የሚጠይቀው ትዕግሥትና ማጠራቀሚያውን ሳያደርቁ እየሞሉ መጠበቅ ነው። ቱቦው ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ በሚወርድባቸው መኪናዎች ላይ ለፍሪሲዮን እጅግ ጥሩ ነው፤ ቱቦው በመሐል ወደ ላይ ተቆልምሞ በሚወጣበት ግን አረፋው ከጉብታው ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ሦስተኛው ከታች በእጅ ፓምፕ መምጠጥ ነው። መሣሪያው ርካሽና ለአንድ ሰው የሚመች ስለሆነ ብዙዎች ይገዙታል፤ እኔ ግን በአዲስ አበባ የመጨረሻ ምርጫ አደርገዋለሁ። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ዘይቱን ወደ ታች የሚገፋው በማጠራቀሚያው ላይ የሚያርፈው የከባቢ አየር ግፊት ነው፤ ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ 2,300 ሜትር አልፋ በተቀመጠችው ከተማችን ግን ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በዓለም ላይ ምርጥ የሆነ ፓምፕ ቢያዝ እንኳ እዚህ ሊያገኝ የሚችለው ኃይል በጅቡቲ ወደብ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ፓምፑ በማስወጫው ቡሎን ጥርሶች መካከል የውጭ አየር ስለሚስብ ግልጹ ቱቦ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይታያል፤ ባለቤቱም አየሩ አላለቀም ብሎ ዘይት ሲያባክን ይውላል። የመስመሩ አረፋና የጥርሱ አረፋ በመጠን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው እየተቆራረጠ፣ ትልልቅ ሆኖ ይመጣል፣ ሁለተኛው እንደ ክር ተያይዞ የሚወጣ ደቃቅ አረፋ ነው።

አራተኛው ማጠራቀሚያው ላይ ልዩ ክዳን ገጥሞ ከላይ በተጨመቀ አየር ግፊት ዘይቱን መግፋት ነው። ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃል፤ ከ2 ባር በላይ ማጠራቀሚያውን ወይም መጋጠሚያውን ሊያፈነዳ ይችላል። በከፍታው ምክንያት የሚቀንስበት ነገር የለም፤ ግፊቱን የሚሰጠው መሣሪያው ነውና። ፔዳል ስለማይረገጥ ጎሚኒም አይቀደድም። ብዙ መኪና ለሚያስተናግድ ጋራዥ ይህን መግዛት ወጪውን ይመልሳል ብዬ አምናለሁ፤ ለአንድ መኪና ባለቤት ግን ውድ ነው፤ ለማጠራቀሚያው የሚገጥም ትክክለኛ ክዳን ማግኘትም ያስቸግራል።

አምስተኛው ከታች ወደ ላይ መግፋት ነው። በትልቅ ሲሪንጅ አዲስ ዘይት ተሞልቶ በታችኛው ፖምፓ ማስወጫ በኩል ቀስ ብሎ ይገፋል፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚወጣ ከዘይቱ ጋር ሳይታገል በማጠራቀሚያው ይወጣል። ለፍሪሲዮን ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ አሮጌው ዘይት ከማጠራቀሚያው አስቀድሞ ካልተቀዳ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። ሁለተኛ፣ በታችኛው ፖምፓ ሥር የተኛ ዝቃጭ ካለ ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት አሮጌ ዘይት ወደ ታች መልቀቅ ይገባል። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ባለው ፍሬን ላይ ይህን መንገድ አልመክርም፤ ዝቃጩ የሚደርሰው በጣም ጠባብ ወደሆኑት የኤቢኤስ ቫልቮች ነውና።

ለየትኛው መኪና የትኛው?

ፍሪሲዮኑ በኬብል ለሚሠራ ወይም ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አውቶማቲክ ለሆነ መኪና የፍሪሲዮኑ ጉዳይ አይመለከተውም። የታችኛው ፖምፓ ከካምቢዮው ጎን ለተገጠመባቸው መኪናዎች፣ ለምሳሌ ለብዙዎቹ ሚኒባሶችና ለአሮጌዎቹ ላዳዎች፣ ከታች ወደ ላይ መግፋት፣ እርሱ ካልተመቸ ዘይቱ በራሱ እንዲወርድ መተው ይሻላል። ያም ሆኖ አየሩ እምቢ ካለ ፖምፓውን ከካምቢዮው ፈትቶ፣ የማስወጫው ቡሎን ወደ ሰማይ እንዲያይ ይዞ፣ ፒስተኑን በእጅ ወደ ውስጥ ገፍቶ ማስወጣት ነው። በዚህ ጊዜ ፔዳሉን ማንም እንዳይነካው አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል፤ ከተረገጠ ፒስተኑ ተወርውሮ ይወጣል። በአዳዲስ መኪናዎች የታችኛው ፖምፓ ካምቢዮው ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ ይገጠማል፤ እርሱ ካፈሰሰ ካምቢዮ መውረዱ ስለማይቀር በዚያው ፍሪሲዮኑን ማየት ብልህነት ነው።

ለፍሬን የመጀመሪያ ምርጫዬ ከላይ በግፊት መግፋት፣ መሣሪያው ከሌለ ደግሞ የእንጨቱን ቁራጭ አድርጎ በሁለት ሰው መሥራት ነው። መጀመሪያ የታምቡሩ ሸራ ይስተካከል፤ ሳይስተካከል የተሠራ ሥራ ፔዳሉን አያነሳውም። ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ፖምፓ ከራቀው ጎማ ይጀምራል፤ መስመሩ በሰያፍ የተከፈለ መኪና ግን የአምራቹን ተራ ይከተላል። በአንዳንድ ፒክአፖችና ሚኒባሶች ከኋላ እንደ ጭነቱ ግፊቱን የሚመጥን ቫልቭ ስላለ፣ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ከተሠራ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘይት ያንሳል፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው መሥራት ይሻላል። ኤቢኤሱ ራሱ ውስጥ አየር ከገባ ደግሞ ቫልቮቹን በኮምፒውተር እያንቀሳቀሱ ካልሆነ በቀር ከአምስቱ መንገዶች አንዱም ብቻውን አይበቃም።

በሶማሌ ተራ ያገለገለ ካሊፐር (የዲስክ ፍሬኑን ሸራ የሚጨብጠው ክፍል) ገዝቶ ያስገጠመ ሰው አንድ ነገር ይመልከት። የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ከተገጠመ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ነገር ግን የማስወጫው ቡሎን ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች ይሆናል። አየሩ በካሊፐሩ አናት ላይ ተቀምጦ ስለሚቀር አንድ ሙሉ ቀን ቢሠራበት ፔዳሉ አይጠነክርም። ቡሎኑ የሚያየው ወደ ላይ መሆኑን በዓይን ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጎሚኒ መቀየር ወይስ ሙሉውን ፖምፓ?

ጎሚኒ ብቻ መቀየር ርካሽ ነው፤ የሚያዋጣው ግን የፖምፓው ግድግዳ ለስላሳ ከሆነ ብቻ ነው። ፖምፓው ተፈትቶ ከታጠበ በኋላ ጥፍርን በግድግዳው ላይ መሳብ ነው፤ ጥፍሩ የሚይዘው ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ አዲስ ጎሚኒ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። በሻካራ ወረቀት አሽቶ መልሶ መግጠም የተለመደ ቢሆንም፣ ግድግዳው ስለሚሰፋ ጎሚኒው በልኩ አይጣበቅም። ለፍሪሲዮን ይህን የሚሞክር ሰው ቢበዛ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ለፍሬን ግን ግድግዳው ከተነካ ሙሉውን ፖምፓ መቀየር ብቻ ነው የምመክረው። ጎሚኒው አብጦና ለስልሶ ከተገኘ ደግሞ መስመሩ ውስጥ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ገብቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን አንዱን ጎሚኒ ቀይሮ ማለፍ አይቻልም፣ ዘይቱ የነካው ጎማ ሁሉ ተቀይሮ መስመሩ መታጠብ አለበት። አዲስ የላይኛው ፖምፓ ሲገዛ መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት በሞርሳ (በጠረጴዛ ላይ ባለ ማጥበቂያ) ተይዞ በዘይት ተሞልቶ አየሩ ቢወጣለት ግማሹ ድካም ይቀራል።

ስለ ዘይቱ አጭር ነገር ልበል። ክዳኑ ላይ ዶት 3 የተጻፈበት መኪና ዶት 4 ቢሞላለት ችግር የለውም፤ የዶት 4 ደረቅ መፍያ ቢያንስ 230፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 155 ዲግሪ ስለሆነ ለቁልቁለታችን የተሻለ ነው። ዶት 5.1 ከእነዚህ ጋር ይቀላቀላል፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ አይቀላቀልም፣ የስማቸው መቀራረብ ማንንም እንዳያሳስት። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ፣ በተለይ ክረምቱን ያሳለፈ፣ አይጠቅምም፤ ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ በአንድ ጊዜ መጨረስ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን በሙሉ ኃይል ረግጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል መያዝና አለመስመጡን ማየት፣ ከዚያም ቁልቁለት ሳይሆን ሜዳማና ጸጥ ያለ መንገድ ላይ በዝግታ መሞከር ይገባል። በማጠራቀሚያው ላይ የዘይቱን ከፍታ በማርከር ምልክት አድርጎ ከሳምንት በኋላ ማየትም ጠቃሚ ነው። ከፍታው ከወረደ ፍሳሹ ይፈለጋል፤ ከፍታው ሳይወርድ ፔዳሉ ዳግም ከላላ ደግሞ፣ ለፍሪሲዮን ከሆነ ሌላ ቦታ ከመፈለግ በፊት የታችኛው ፖምፓ ይፈታ።